ዓይኔን አምኜ ያነሳሁት ምስል

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጣችሁት ቤተሰቦቼም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የሽኝት ዝግጅት ደፋ ቀና ብላችሁ ያሰናዳችሁትን አመሰግናለሁ። አዳራሹን እነማን እንዳስጌጡት ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልገኝም። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ፕላስተር የበሽተኛ ክንድ ላይ የምንለጥፈው ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን፣ ፊትህ ተለዋወጠ እኮ! አይዞህ፣ ማነው የወሰደው ሲሉህ እትዬ ናት በላቸው፤ ነገ ፈልገው አያገኙኝም።

ሰላሳ አንድ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሳነሳ ኖሬ፣ ዛሬ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጥታችሁ የእኔን ፊት ስታነሱ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከእኔ በፊት የተናገራችሁት ሁሉ አሞግሳችሁኛል። መሐል ላይ ቀና ብዬ ባለቤቴን አየሁት። «ስለ ማን ነው የሚያወሩት?» የሚል ፊት ነበረው።

«እትዬ አትነቃነቁ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣልኝ እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም። ስሙ ግን ቤቴ ድረስ ገብቷል። ልጄ ትንሽ ሳለች ማታ ማታ ስትጠይቀኝ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ሰው አትነቃነቁ አልሽ?» ትለኝ ነበር። እኔም ቆጥሬ እነግራት ነበር። ዘጠኝ፣ አስር፤ ኤም አር አይ ማሽኑ ደህና በዋለ ቀን አስራ አራት።

ስንቱን አስተኝቻለሁ! አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አስገብቼ፣ ማሽኑ እንደ ልማዱ መንኳኳት ሲጀምር በድምፅ ማጉያው «አባባ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው። «እኔስ ደህና ነኝ» አሉ፤ «ግን ሰውየው ይህን ያህል ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ጠፋ?» ሳቄ ይዞኝ ያን ምስል እንዴት እንደጨረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ይኸው ሳቅን። አሁን ደግሞ አንድ የከበደ ነገር ልነግራችሁ ነው። ወረቀት ይዤ የመጣሁትም ለዚህ ነው፤ ወረቀት ካልያዝኩ ዘልዬው እንደምቀመጥ ራሴን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ኃላፊያችን ሲያመሰግኑኝ ከሁሉ አስበልጠው ያነሱት «የእትዬ ሕግ» የምትሉትን ነው። ማንም ለክትትል የመጣ ታካሚ ከመተኛቱ በፊት የድሮው ምስሉ ከመዝገቡ ወጥቶ፣ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ፣ መስመሩ በዚያው ማዕዘን ልክ ይሰመራል። ችኮላ የለ፣ ወረፋ የለ፣ «ዛሬን እለፊን» የለ። ከሌላ ሆስፒታል ሳይቀር መጥተው ይህን አሠራር ቀድተው ሄደዋል ብለዋል። ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ስታጨበጭቡ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ሕጉ የእኔ አይደለም። እንዴት እንደመጣም ታሪኩን አታውቁትም። ሕጉ ሲወጣ የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ለቤተሰቦቼ ትንሽ ላስረዳ፤ ባለሙያዎቹ ታገሡኝ። አንጎላችን ውስጥ ነጭ የሚባል ክፍል አለ። መልእክት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚሄድበት የነርቮች መንገድ ነው። ነርቮቹ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ እንዳለው ሁሉ የስብ ሽፋን አላቸው። አንዳንድ ሰው ላይ፣ ከበሽታ ሊጠብቀው የተፈጠረው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ያን ሽፋን እንደ ጠላት ያየዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይላጣል። እግር ይደነዝዛል፣ ዓይን ይጋረዳል፣ እጅ ዕቃ ይጥላል። ኤም ኤስ የምንለው በሽታ ይህ ነው። የተጎዳው ቦታ በእኛ ማሽን ሲታይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ያበራል።

ታካሚው በየጊዜው ሲመጣ የነርቭ ሐኪሙ ከእኛ የሚፈልገው መልስ አጭር ነው። አዲስ ነጠብጣብ አለ? አለ ካልን መድኃኒቱ አልያዘውም ማለት ነው፤ ጠንከር ወዳለው ይቀየራል። የለም ካልን እፎይ ይባላል፣ በያዘው ይቀጥላል። የአንድ ሰው ዓመታት በዚያች ቃል ላይ ናቸው።

አሁን ልጄ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ አስቢ። ማሽናችን አንጎልን የሚያሳየን እንደ ዳቦ እየቆራረጠ ነው። ዛሬ ቀጥ አድርገሽ ቆረጥሽው፣ ነገ ያንኑ የመሰለ ዳቦ ቢላዋውን አዘንብለሽ ቆረጥሽው እንበል። ትናንት ያላየሽው ቦታ ላይ ዘቢብ ታያለሽ። ታዲያ አዲስ ዘቢብ ገባበት ይባላል? በዚያን ጊዜ በነበረን ማሽን ደግሞ በአንዱ ቁራሽና በሚቀጥለው መካከል ሳይታይ የሚታለፍ ክፍተት ነበር። ትንሽ ነጠብጣብ እዚያ ውስጥ ተደብቃ መቅረት ትችላለች። ስለዚህ ዋናው ነገር ቢላዋውን ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን መያዝ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእኛ ሥራ የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

የዛሬ አስራ ሦስት ዓመት ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ታካሚያችን ነበረች። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት፣ ትዳር ከያዘች ብዙም ያልቆየች፣ ወሬኛ፣ ሳቂታ። ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ደጋግሜ የምፈትሸው የእሷን ልብስ ነበር፤ ምክንያቱም ሥራ ላይ ስትሆን መርፌና ስፒል ደረቷ ላይ ትሰካለች። ማሽናችን ትልቅ ማግኔት ነው፤ እሱ ፊት ስፒል ይዞ መግባት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ከአንገትጌዋ ስር ሰባት ስፒል ለቀምኩ። «እትዬ፣ ስምንተኛዋን ካገኘሽ ያንቺ ናት» አለችኝ።

በሽታዋ በያዘችው መድኃኒት ረጋ ብሎላት ነበር። ሐኪሟም «እንግዲህ ልጅ መውለድ ከፈለግሽ ይህ ጥሩ ጊዜ ነው» ብለዋት፣ ከዚያ በፊት አንድ የክትትል ምስል እንዲነሳላት ወደ እኛ ላኳት። ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም። ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ ሆና ያልተወለደ ልጅ ልብስ በስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚወጣ ታሰላ ነበር።

የዚያን ቀን ማሽኑ ግማሽ ቀን ተበላሽቶ ውሏል። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። የድሮው ምስል ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ ያኔ ከእኛ ክፍል አልነበረም፤ ከፊልም ማጠቢያው አጠገብ ነበር። ሄዶ ማውጣት፣ ማዕዘኑን ማየት፣ ተመልሶ መሥራት ነው። ምን ያህል ይፈጃል? ቢበዛ አምስት ደቂቃ።

አልሄድኩም። በወረፋው አላሳብብም፤ እውነቱ ሌላ ነው። ያኔ እኔ በራሴ የምኮራ ሰው ነበርኩ። «የእኔ ዓይን መስመር አያስፈልገውም» እያልኩ በሌሎቹ ላይ እቀልድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የዚያን ቀን አንገቷን አሟት ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ኋላ ጥላ ነው የተኛችው። እኔም አላቃናሁትም፤ ቁራሹን በግምት አሰመርኩና «አትነቃነቂ» ብዬ አነሳኋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመው ሌላ ሰው ነው።

ያን ምስል ያነበቡት ዶክተር አጉሊ ናቸው። አዲሶቹ ስለማታውቋቸው ነው እንጂ ስማቸው ይህ አይደለም። ከፊልሙ ዘመን ጀምሮ አጉሊ መነጽር ከኪሳቸው አይጠፋም ነበር፤ ስክሪን ከመጣ በኋላ እንኳ ስክሪኑ ላይ አጉሊ መነጽር ይደቅኑበት ነበር። ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ጠርቻቸው መጥተዋል፤ ከመጨረሻው መደዳ ተቀምጠዋል። ለምን እንደጠራኋቸው ግን አልነገርኳቸውም።

ዶክተር ሁለት ነጠብጣብ አዩ። በፊተኛው ምስል ላይ ያልነበሩ። «ሁለት አዳዲስ ጠባሳዎች ታይተዋል» ብለው ጻፉ። የነርቭ ሐኪሙም መድኃኒቱን ቀየሩ። አዲሱ መድኃኒት ብርቱ ነው፤ በላዩ ላይ ማርገዝ አይፈቀድም። ልብስ ሰፊዋ የልጁን ነገር ተወችው። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አሏት።

ትንሹ ጊዜ አስራ አራት ወር ሆነ።

ከአስራ አራት ወር በኋላ ስትመለስ ያነሳት ሌላ ባልደረባችን ነበር፤ በመጀመሪያው ምስል ማዕዘን ልክ። ነጠብጣቦቹ የሉም። እንዲህ ያለ ጠባሳ ተጠርጎ አይጠፋም። ዶክተር አጉሊ ሦስቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው ግማሽ ቀን ሲያዩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። የነርቭ ሐኪሙ አሉ፣ የያኔው ኃላፊ አሉ፣ እኛ አንሺዎቹም አለን። ዶክተር ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ነጠብጣቦቹ አዲስ አልነበሩም። በመጀመሪያው ምስል ላይም በቁራሾቹ መካከል ነበሩ። የአንዱ ጠርዝ ደብዝዞ ይታይ ነበር፤ አላየሁትም።»

ኃላፊው ጠየቁ፦ «ያነበበው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዶክተር።

እኔ በበሩ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ማን አነበበው ተባለ እንጂ ማን አነሳው ብሎ የጠየቀ የለም። አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ስብሰባው አለቀ። ዶክተር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። በዚያ ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ይሆናሉ ተብሎ የሚጠበቁት እሳቸው ነበሩ፤ ቀረ። ዳግመኛም አልተነሳም።

እርግጥ ነው፣ አንባቢም ማዕዘኑ መዛባቱን ማየት ነበረበት። ዶክተር ይህን ክደው አያውቁም። ግን ሸክሙ የሁለት ሰው ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ተሸከመው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደር ላይ አገኙኝ። አጠገቤ ቆም ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ከማስተኛትሽ በፊት የድሮውን ምስል አውጪልኝ፣ እሺ?» አሉኝ። በቃ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሕጉ ይኸው ነው። የወጣው ከእሳቸው አፍ ነው። እኔ ስሙን ወረስኩ።

ያወቁ ይሆን? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። እንደምታውቁት በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ ያነሳው ሰው ስም በሁለት ፊደል ይጻፋል። ግማሽ ቀን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ያዩ ሰው እነዚያን ሁለት ፊደሎች አላዩም ልበል? ራሴን ለማጽናናት «አላዩም ይሆናል» እል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ሰዎች። የእኔ ዝምታ ነቅዟል፤ በየዓመቱ ስከፍተው ነቀዝ ነበር የማገኝበት።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ሆንኩ። ጥብቅ ሆንኩ። በእናንተም ላይ ጮህኩ። ከወጣቶቹ አንዷን የድሮውን ምስል ሳታወጣ ታካሚ ስላስገባች ሰው ፊት ያስለቀስኳት ቀን ትዝ ይለኛል፤ እሷም አትረሳውም። የኔ ልጅ፣ ይቅርታ። የተቆጣሁት ባንቺ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋስ? ስህተቱ የአንባቢው ሐኪም ነው ተብሎ ተነገራት፣ የድሮው መድኃኒት ተመለሰላት፣ ልጅ ለመውለድም ሞከረች። አልሆነም። ያ አስራ አራት ወር ባይባክን ትወልድ ነበር ወይ? አላውቅም። የማህፀን ሐኪሞቿም አያውቁም። እኔ ግን የምትሞክርበትን ጊዜ ከእጇ ላይ ነጥቄያታለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። በየዓመቱ ትመጣለች፣ በየዓመቱ ስፒል እለቅምላታለሁ፣ በየዓመቱ «እትዬ እንዴት ነሽ» ትለኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ዓይኗን እያየሁ ደህና ነኝ አልኳት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ አነሳኋት። አዲስ ነገር አልነበራትም፣ ተመስገን። ልብስ መለወጫው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ብቀመጥ የምጨርሰው አልመሰለኝም።

የሸሚዟን ቁልፍ ቆለፈች። አንዱን ዘላ ስለቆለፈች ፈታችና እንደገና ጀመረች። ከዚያ፣ «ምስሉን ያነበበው ሐኪም ያውቃል?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

«እኔ እኮ እሱን ነው ስራገም የኖርኩት» አለች። «አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት። ሽማግሌ ሰው! ባርኔጣውን እንዳወለቀ ቀረ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ዛሬስ አልልሽም።» አልተቆጣችም፤ እንዲሁ ነው ያለችው። «መጀመሪያ ሂጂ ለሱ ንገሪው። ሰው ባለበት። እሱ የተዋረደው ሰው ፊት ነው። ከዚያ ነይ።»

ክቡራትና ክቡራን፣ እነሆ ሰው ባለበት ነው።

ዶክተር፣ እባክዎ አይነሱ፣ ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም። ያን ምስል ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማዕዘኑን ያዛባሁት እኔ ነኝ። የድሮውን ምስል ሄጄ ያላወጣሁት ትዕቢት ይዞኝ ነው። በስብሰባው ላይ እርስዎ «እኔ ነኝ» ሲሉ እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ ለኃላፊያችን ሰጥቻለሁ። ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ጋር በአንድ ፋይል እንዲቀመጥ ጠይቄያለሁ፤ እሺ ብለውኛል። ሥልጣኑን አይመልስልዎትም። ስምዎን ግን ላጽዳ፤ እኔ ነኝ ያጎደፍኩት። ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ።

…

ከፊት ያላችሁት አልሰማችሁም መሰለኝ፤ ዶክተር ከወዲያ የተናገሩትን ልድገምላችሁ። «ምነው ቆየሽ?» ነው ያሉኝ።

ፈርቼ ነው፣ ዶክተር። ሌላ ምክንያት የለኝም። እንጀራዬን ፈራሁ፣ ከዚያ ስሜን ፈራሁ፣ ኋላ ደግሞ መቆየቴን ራሱን ፈራሁት። በዘገየሁ ቁጥር የምናገረው ነገር እየከበደኝ ሄደ።

አዎ፣ ጭንቅላታቸውን በእሺታ እየነቀነቁልኝ ነው። አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ትንሽ ውኃ ስጡኝ እስቲ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ልብስ ስፌት ቤቷ እሄዳለሁ። ነገርኳቸው፣ ሰው ባለበት፣ እላታለሁ። ምን እንደምትመልስልኝ አላውቅም። ይቅር ብላኝ ብመለስ ደስታዬ ነው፤ አልልሽም ብትለኝም መብቷ ነው፣ አልከፋባትም። ባለቤቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያውቃል፤ «እኔም ልሂድ?» ብሎኛል። አይሆንም፣ ብቻዬን ነው የምሄደው።

ለእናንተ ከምርቃት በቀር የምተውላችሁ የለኝም፤ ማሽኑም የመንግሥት ነው።

ኃላፊያችን፣ በዚያ ወንበር ላይ ስብሰባ ሲመሩ «ማን ነው?» ከማለትዎ በፊት «እንዴት ሆነ?» ለማለት ትዕግሥቱን ይስጥዎ። አንባቢ ሐኪሞቻችን፣ ዓይናችሁን ብሩህ ያድርገው፤ ጥግ ላይ ያሉትንም ፊደሎች ያሳያችሁ። አንሺዎቹ ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፤ የምታስተኙት ሰው ሁሉ በሰላም ይነሳ። ከዚህ ክፍል የሚወጡት ወረቀቶች ብዙዎቹ «አዲስ ነገር አልታየም» የሚሉ ይሁኑ፤ በእኛ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። የሚሳሳት እጅ አይስጣችሁ ብዬ ልመርቅ አስቤ ነበር፣ እሱ ግን ውሸት ምርቃት ነው። ትሳሳታላችሁ። በተሳሳታችሁ ቀን ታዲያ፣ ስብሰባው ገና ሳይበተን፣ «ያነሳሁት እኔ ነኝ» የምትሉበትን አፍ ይስጣችሁ፤ ለመናገር እንደ እኔ ጡረታ እስክትወጡ አያቆያችሁ።

አሜን በሉኝ።